የደብረ ብርሃን ጓሮ የአዲስ አበባን ምክር አይሰማም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ መነጽሬን ጠራርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ሰው ደጁን እንዲያለማ መምከራችሁም ያስመሰግናችኋል። አንድ ቦታ ስደርስ ግን የቡና ሲኒዬን አስቀመጥኩ። «ቲማቲም በማንኛውም ጓሮ ተተክሎ በሦስት ወር ለምግብ ይደርሳል» ይላል። በማንኛውም ጓሮ! ጸሐፊው ደብረ ብርሃን መጥተው አያውቁም ማለት ነው። መጥተውም ከሆነ በጥቅምት አላደሩም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 72 ነው። እዚህ ከተማ በ1969 ዓ.ም. ለማስተማር ተመድቤ መጣሁ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እዚሁ ቀረሁ። ከቤቴ ኋላ 12 ሜትር በ9 ሜትር የሆነች ጓሮ አለችኝ። ልጆቼን ያሳደገችው እሷ ናት ብል ውሸት ነው፤ ያሳደጋቸው የእኔና የአባታቸው ደመወዝ ነው። ግን ደመወዝ ዘግይቶ እንኳ ወጥ አጥተን አናውቅም።

ትውልዴ ሸዋ ሮቢት ነው። የደሴን መንገድ የሄደ ሰው ያውቃታል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ ቆላ ናት። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታው ግን ሌላ አገር ያደርገዋል። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ተሰቅለናል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይለያያል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስንት ልጅ አስተምሬያለሁ። ለራሴ ጓሮ ማስላቱን ግን ረሳሁት።

እናቴ ወንዝ ዳር በመስኖ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ታለማ ነበር። እኔም እንደ እሷ መሆን አማረኝ። በሁለተኛው ዓመቴ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆምና ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእናቴ መደብ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ነቅዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ጭኜ መጣሁ። ጎረቤቶቼ እያዩኝ በመስመር ተከልኩ። ጸሐዩ ደስ ይላል፤ ችግኙም ቶሎ ያዘ። አበባ ሊያወጣ ሲል ጥቅምት ገባ።

አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ወጣሁ። ሳሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ችግኞቼ ግን አልተለወጡም፤ ደህና ናቸው ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ስመለስ ሁሉም ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ መሬት ላይ ወድቋል። አጥር ተሻግረው የሚኖሩት አሮጊት መጥተው አዩ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው አነሱና «ልጄ፣ ማን ቀቀለልሽ?» አሉኝ። እውነትም የተቀቀለ ነው የሚመስለው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ውስጡን ይሰባብረዋል። ከዚያ ጸሐይ ሲነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሆናል።

እኚህ ጎረቤቴ፣ እማማ (ነፍሳቸውን ይማር)፣ ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ግን ስለ ጓሮ ከማንም በላይ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። በማግስቱ ማታ ጠሩኝና ወደ ሰማይ እንዳይ አደረጉኝ። ደመና የለም፣ ነፋስ የለም፣ ኮከቡ እንደ ተልባ ተዘርቷል። «እንዲህ ኮከብ የበዛ ለት ድንች ልብስ ይለብሳል» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ደመና ያለ እንደሆነ ለመሬት ብርድ ልብስ ነው፤ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ይዞ ያሳድራል። ሰማይ ሲራቆት ግን ሙቀቱ ሽቅብ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየፈሰሰ ይተኛል። (ስለ ብርድ ልብስ ካነሳን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለው ያለ ነገር አይመስለኝም።)

እንግዲህ «ቀዝቃዛ አየር ይፈሳል» የሚለውን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። የእኔ ጓሮ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ታችኛው ጥግ ላይ አጥሩ የድንጋይ ካብ ነው፤ ድፍን። ብርዱ ከላይ ወርዶ እዚያ እንደ ኩሬ ይጠራቀማል። ለስድስት ዓመት ያህል ድንች የተከልኩት እዚያው ጥግ ነበር፤ አፈሩ ወፍራም ነው ብዬ። ለስድስት ዓመት ያህልም ውርጭ የመታው መጀመሪያ እሱን ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ከካቡ ሥር ሁለት ድንጋይ አውጥቶ ቀዳዳ ከፈተ። ለውሻው መውጫ ነበር ያሰበው። በዚያ ዓመት ጥጉ ተረፈ! ብርዱ በውሻው በር እየወጣ ሄደ። እስከ ዛሬ አልደፈንኩትም። ውሻው ከሞተ ቆይቷል።

ሌላውም ከዚያ ተከተለ። ወደ ደቡብ የሚያየው የቤቱ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ይጠጣል፣ ሌሊት ይመልሳል። ስስ የሆነው ሁሉ እዚያ ሥር ነው የሚተከለው፤ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ በሶብላ። ውርጭ ሊመጣ ሲል መሬቱን በጠዋት ማጠጣት ጥሩ ነው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ማታ 11 ሰዓት ላይ ጆንያ ወይም ሰፌድ መድፋት። ጠዋት ደግሞ አመዳይ ከመታው፣ ጸሐይ ሳይነካው ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ማርከፍከፍ። ይህን የመጨረሻውን እኔ ሞክሬ አንዳንዴ አትርፌያለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ውሃዬን አባክኛለሁ። ብርዱ ከበረታ ምንም አያድንም።

አሁን ወደ ጎመን ልምጣ። ስለ ጎመን ሲነሳ እኔ አላበቃም፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

የሀበሻ ጎመን ለደጋ የተፈጠረ ነው። ድንቹን የቀቀለ ውርጭ ጎመንን አይገድለውም። ይልቁንም ያጣፍጠዋል። ብርድ ሲሰማው ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ቶሎ በረዶ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ካሮትም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የታኅሣሥ ጎመን ከሐምሌ ጎመን የሚበልጠው። ሁዳዴ ሲገባ ገበያ ላይ የጎመን ዋጋ እንደሚሰቀል ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዘሩን ኅዳር መጀመሪያ ላይ መደብ ላይ እዘራለሁ፣ ታኅሣሥ ላይ አዛምታለሁ፣ የካቲት ላይ እየቀነጠስኩ እበላለሁ። ለጎረቤትም ይተርፋል። የጾም ወራት ከመድረሱ ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ ማሰብ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም።

ስለ ዘሩ ግን ጥበብ አለው። እናቴ «ፈጥኖ ያበበውን አትውሰጂ» ትል ነበር። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ መጀመሪያ ያበበውን ነበር ለዘር የምተወው፤ ቶሎ ስለሚደርስልኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎመኔ ሁሉ ሦስት ቅጠል አውጥቶ ወደ አበባ የሚሮጥ ሆነ። ለምን አይሮጥ? የሚሮጠውን እየመረጥኩ የዘራሁት እኔው ነኝ! እንደገና ለመመለስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን አምስት ስድስት እግር እመርጣለሁ፤ ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን፣ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ያልወደደውን፣ ሌላው ሲያብብ ገና ቅጠል የሚሰጠውን። ግንዱ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ቀይ ክር ያለበትን የቤቱ ሰው ሁሉ አይነካም።

አይነካም ብዬ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ የሁለት ዓመት ምርጥ ዘሬን በአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አኑሬ ለለቅሶ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ስመለስ ቆርቆሮው ባዶ ነው። እኔ በሌለሁበት እንጀራ የጋገሩት ዘመዳችን፣ ጎመን ዘር መሆኑን አይተው፣ ደቁሰው ምጣድ አስሰውበታል። ምን ይባላል? ጎመን ዘር ለምጣድ ማሰሻ የሚሆን ነገር ነው፤ ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። እንጀራውም ዓይኑ ያማረ ነበር። ዘሩን ከእማማ ቤት ለምኜ እንደገና ጀመርኩ። ለካ እሳቸው በየዓመቱ ከእኔ ዘር እየወሰዱ ይዘሩ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ዘሬን ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን እኔ ቤት፣ ሁለቱን ሰው ቤት።

ድሮ ልጆች አዲስ ዓመት ሲመጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይሉ ነበር። ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡን እስከ እሸት የሚያሻግረው ጓሮ ያለው ጎመን ነው። ሲያሻግር ቆይቶ እንዲህ ተብሎ በር ይወጣል። ውለታ ቢስ ነን።

ስለ ነጭ ሽንኩርት የምጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም። ግን ለአንባቢ ይጠቅማል።

አካባቢያችን የነጭ ሽንኩርት አገር ነው። እኔም ለዓመታት ከራሴ እያስቀረሁ እተክል ነበር። አንድ ሰኔ ላይ የራሴ አነሰኝና ገበያ ወጥቼ ጉንጩ የሞላ ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ፈልቅቄ ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ መጣ። ውሃ በዛበት ብዬ ቦይ ቀደድኩ። አልሆነም። አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ በስብሷል። ራሱ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ጥጡ ውስጥ ደግሞ ከጤፍ የሚያንሱ ጥቁር ፍሬዎች አሉ። የእርሻ ባለሙያ ጠርቼ ባሳየው ራሱን ነቀነቀ። ያ ጥቁር ፍሬ የበሽታው ዘር ነው፤ ሽንኩርት ባይተከልም እንኳ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። ሽንኩርት የተተከለ ለት ሽታውን ሰምቶ ይነሳል።

20 ዓመት! ያን ጊዜ 50 ዓመቴ ነበር። በዚያ መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት እንደገና ለመትከል 70 እስኪሞላኝ መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው።

የሚያሳፍረኝ ግን ሌላው ነው። በዚያው ወር ዶማዬን ለሁለት ጎረቤት አውሼ ነበር። አፈር እንደተጣበቀበት። በቀጣዩ ዓመት የአንዷ ነጭ ሽንኩርት እንደ እኔው ሆነ። በሽታው በዶማ፣ በጫማ፣ በጎርፍ ይሄዳል። ዶማው ይሁን ሌላ ነገር በርግጥ ማን ያውቃል፤ እሷም አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዶማ ሳላጥብ አላውስም፤ የተዋስኩትንም ሳላጥብ በጓሮዬ አላስገባም። ሰው «እትዬ ደግሞ አበዛችው» ይላል። ይበል።

ያቺን መደብ ምን አደረግኋት? ከሽንኩርት ዘር በስተቀር ሁሉን ታበቅላለች። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ። 70 ሲሞላኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከሩቅ ዘመድ ያስመጣሁትን ንጹሕ ነጭ ሽንኩርት አሥር ፍንካች ብቻ ለሙከራ ተከልኩ። ዘጠኙ ደረሰ። አንዱ ሥሩ ላይ ጥጥ ነበረው። እንግዲህ 75 ይሁን።

ድንችን በአጭሩ ላውራ። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን ያስገባው ይባላል። አሁን የእኛው የሆለታ እርሻ ምርምር ያወጣቸው እነ ጉደኔና በለጠ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ፤ እኔ ጉደኔን ነው የምወደው። በክረምት ሲተከል ዋግ ይመታዋል፤ ሰው «ምች መታው» ይላል። ቅጠሉ ከዳር ይጠቁራል፣ በሳምንት ውስጥ መደቡ እንዳለ ይሄዳል። መስከረም ላይ ሲተከል ውርጭ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የካቲት መጨረሻ ላይ በበልጉ ተክዬ ክረምቱ ሳይበረታ እቆፍራለሁ። የዘሩን ድንች ጨለማ ውስጥ አታኑሩት፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ጸሐይ በማይመታው ግን ብርሃን በሚገባበት ቦታ ብታሰጡት ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። አረንጓዴ ይሆናል፤ እሱ ለዘር እንጂ ለምግብ አይደለም። አረንጓዴ ድንች መርዝ አለው፣ አትብሉት።

ማዳበሪያን በተመለከተ ጽሑፋችሁ «የከብት ፍግ ተጠቀሙ» ይላል። ልክ ነው። ግን በእኛ ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እንጨት የለማ! ላም ያላቸው ጎረቤቶቼ ኩበቱን ሸጠው ነው ልጅ የሚያስተምሩት፤ እሱን ለጎመኔ ስጡኝ ማለት ነውር ነው። እኔ በጠጥ ነው የምጠቀመው፤ በግ የሌለው ቤት እዚህ ጥቂት ነው፣ በጠጥ ደግሞ ለማገዶ ብዙ አይፈለግም። ከአረምና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ጉድጓድ ውስጥ አነባብሬ አምስት ስድስት ወር አቆየዋለሁ። በብርድ አገር ብስባሽ ቶሎ አይበስልም፤ «በሦስት ወር ይደርሳል» የሚባለው ምክር የቆላ ነው። ያልበሰለ ፍግ ካሮት ላይ ካደረጋችሁ ካሮቱ ሁለትና ሦስት እግር አውጥቶ ሱሪ የለበሰ ሰው ይመስላል። የልጅ ልጆቼ ስለሚወዱት አንዳንዴ ሆን ብዬ አደርገዋለሁ።

ክሽክሽ ጎመን ላይ ሲወጣ፣ ማለትም ከጥር እስከ መጋቢት ደረቁ ወራት፣ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ እነሰንሳለሁ፤ ሲብስ የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጬ ከቅጠሉ ሥር እረጫለሁ። አንድ ጊዜ ሰነፍኩና ከአንድ ሱቅ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት ገዛሁ። ክሽክሹ በአንድ ቀን አለቀ። ንቦቹም አለቁ። በዚያ ዓመት ዱባዬ አበበ እንጂ አላፈራም። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሻጩም አያውቅም። ስም የሌለው ነገር ጎመን ላይ አድርጌ ልጆቼን ማብላቴ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

አንድ ምክር ግን በጽሑፋችሁ ውስጥ አጣሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ደብተር።

ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ እጽፋለሁ። የተማሪ ደብተር ነው፣ አሁን 14ኛው ላይ ነኝ። ብዙ አይደለም የምጽፈው። የዘራሁበት ቀን፣ የበቀለበት ቀን፣ የመጀመሪያው አመዳይ የታየበት ቀን፣ ምን ሞተ፣ ምን ተረፈ። አንዳንዱ ገጽ ላይ የሽንኩርት ሳይሆን የሰው ነገር አለ፤ «ዛሬ አባታቸው ታመመ፣ አልተኮተኮተም» የሚል። የመጀመሪያው አመዳይ የታየበትን ቀን በየዓመቱ ሳስተያይ አብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ውስጥ ይወድቃል። ይህ የእኔ ጓሮ ነው። ከእኔ ቤት 15 ደቂቃ በእግር፣ ወደ በሬሳ ወንዝ ዝቅ ብላ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ጋ ውርጭ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ እንዲህ ነው። ታዲያ «በማንኛውም ጓሮ» የሚባል ነገር የት አለ?

ሁለተኛዋ ልጄ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው የምትኖረው። ያም ከፍተኛ አገር ነው፣ ብርዱም የታወቀ ነው። ከእኔ ዘር ወስዳ ጎመን ዘርታለች፤ ፎቶውን ትልክልኛለች። እዚያ የየከተማው የመጨረሻ ውርጭ መቼ ገደማ እንደሚሆን ታትሞ ይገኛል አለችኝ። እሷ ያለችበት አካባቢ የእኛ ግንቦት እስኪገባ ቲማቲም ወደ ውጭ አይወጣም። ይህን የሚያውቀው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ በረንዳው ላይ አንድ ሳጥን ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስሰማ ቀናሁ። እዚህ እያንዳንዱ ሰው ውርጩን እንደ እኔ ችግኙን ቀቅሎ ነው የሚማረው።

ትልቋ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። እሷ ጋ ውርጭ የለም፣ መሬትም የለም። ጄሪካን ለሁለት ቆርጣ ቆስጣና ሰላጣ ታበቅላለች። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ወግታ፣ ውሃ ሞልታ፣ ዘቅዝቃ አፈሩ ውስጥ ትሰካዋለች፤ ሥራ ውላ እስክትመጣ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣላታል። ብልሃቷ ገርሞኝ እኔም ወሰድኩት። የቧንቧ ውሃ እዚህም በፈረቃ ነው፤ ምስርና አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ አጠራቅሜ እንዲህ አድርጌ እሰጣለሁ። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ አይደለም ነገሩ።

አሁን ቲማቲሙን ልጨርስ። ተስፋ ቆርጣለች ብላችሁ እንዳታስቡ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ቲማቲም ሳታበቅል አትሞትም ብዬ ምያለሁ። በደቡቡ ግድግዳ ሥር፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ማታ ማታ ጆንያ እየደረብኩ፣ ጠዋት እየገለጥኩ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ አሳደግኩ። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ወሰደ። ሰባት ቲማቲም አገኘሁ። ሁለቱ አረንጓዴ ነበሩ። አባታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የላስቲኩን፣ የጆንያውንና የእኔን ድካም ደምሮ «አንዱ ቲማቲም ከአንድ ዶሮ ይበልጣል» አለኝ። ትንሽ ጨውና ቃሪያ ጨምሬ ሁላችን በላነው። ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ቲማቲም ከሸዋ ሮቢት በመኪና የሚመጣውን ገበያ ወጥቼ እገዛለሁ፤ እነሱም ደግሞ የደጋውን ድንችና ነጭ ሽንኩርት ከእኛ ይገዛሉ። ዛሬ ትልልቅ የላስቲክ ቤት ሠርተው ቲማቲም የሚያለሙ ወጣቶች ከተማችን ውስጥ አሉ፤ እግዜር ያበርታቸው። እሱ ግን ገንዘብ ያለው ሥራ ነው፣ «ማንኛውም ጓሮ» አይደለም።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ምክር እንደገና ስታትሙ «በማንኛውም ጓሮ» የሚለውን አውጡልኝና «በቆላና በወይና ደጋ» በሉ። ሁለተኛ፣ አንባቢዎቻችሁን ጠይቁ። ከሰላሌ፣ ከጓሳ፣ ከደባርቅ፣ ከአርሲ ደጋ፣ የመጀመሪያው አመዳይ እነሱ ጋ መቼ እንደሚታይ፣ ምን መቼ እንደሚተክሉ ይጻፉላችሁ። በየሳምንቱ አንዲት ጠባብ ዓምድ ብትሰጡት ይበቃል። የእኔን የ40 ዓመት ቀናት ገልብጬ እልካለሁ፣ በነፃ። የእጅ ጽሑፌን የሚያነብ ሰው ግን ፈልጉ፤ ተማሪዎቼም ይቸገሩ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ጡረተኛዋ መምህርት
ደብረ ብርሃን

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀይ ክር ያሰርኩባቸው ጎመኖች ዘር ዘንድሮ ተርፎኛል። ደጋ ላለ ሰው፣ ሊዘራው ለሚፈልግ፣ አንድ እፍኝ እሰጣለሁ። ለምጣድ ማሰሻ የሚፈልግ ካለ ግን ገበያ ይሂድ።